ነጠላውም ፊቱም

በ2004 ዓ.ም. ቂርቆስና ካዛንቺስ አካባቢ ሠርግ የሚያነሣ ልጅ አብዛኛው ካኖን ነበር የሚይዘው። እኔ በተውሶ ካሜራ እየሠራሁ ለራሴ መግዣ ሳጠራቅም ከረምኩ። በመጨረሻ ዓይኔ ያረፈው ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች ላይ ነው፤ ካኖን 60ዲ እና ኒኮን ዲ7000። ሁለቱም በፈረንጆቹ 2010 የወጡ፣ በዋጋም የሚቀራረቡ ናቸው። 60ዲውን የሚሸጠው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ፎቶ ቤት የነበረው ባልደረባዬ ነበር። ኒኮኑን ደግሞ አንድ ዘመዴ ከዱባይ ይዞት መጥቷል።

ባልደረባዬ ካኖኑን ያሞገሰው ለመሸጥ ብቻ አልነበረም። «መብራት ሲጠፋ ባትሪ ከማን ልትበደር ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። የ60ዲ ባትሪ ለ7ዲም ለ5ዲ ማርክ ቱም ይሆናል፤ እነሱን የያዘ ልጅ ደግሞ በየሠርጉ አይጠፋም። ሌንስም ቢሆን ዓርብ ማታ ከጓደኛ ተውሶ ሰኞ መመለስ ይቻላል። የሚታጠፈው ስክሪን ጭፈራው ሲደራ ካሜራውን ከሰው ራስ በላይ አንሥቶ ለመቅረጽ ይመቻል። ቪዲዮ ላይማ ክርክር የለውም። 60ዲ ሙሉ ኤችዲ በሰከንድ በ24ም፣ በ25ም፣ በ30ም ፍሬም ይቀርጻል፤ ዲ7000 ግን ሙሉ ኤችዲ የሚቀርጸው በ24 ብቻ ነው።

ኒኮኑ በበኩሉ ሁለት ሜሞሪ ይይዛል፤ አንዱ ቢበላሽ ሠርጉ ሌላኛው ላይ ይገኛል። የትኩረት ነጥቦቹም 39 ናቸው፤ የካኖኑ 9። በሜጋፒክስል 18 ለ16.2 ካኖኑ ይበልጣል፤ እሱን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሁለቱንም ለቅዳሜና እሑድ ለምኜ ወሰድኩ።

ቅዳሜ ማታ የመላኩ በላይ አዝማሪ ቤት ፈንድቃ ገባሁ። በዚያ ደብዛዛ መብራት እስክስታ አነሣሁ። አይ ኤስ ኦ ከፍ ሲል ልዩነታቸው ያን ያህል አልነበረም፤ የሚያስወስን ነገር ሳላገኝ ወጣሁ።

የወሰነልኝ የእሑዱ ነው። አክስቴ ከዑራኤል አስቀድሳ ስትመለስ ካዛንቺስ ያለው ቤቷ ደጃፍ ላይ ፀሐይን ከጀርባዋ አድርጌ አስቀመጥኳት። «ደግሞ ነጠላዬን ብቻ አንሥተህ እንዳትሄድ» አለችኝ። አምና በአንድ ዘመዳችን ሠርግ አልበም ውስጥ ነጠላዋ ከነጥለቱ ደምቆ፣ ፊቷ ግን ማንነቱ እስከማይለይ ጠቁሮ ነበር።

ይህ በየአልበማችን ያለ በደል ነው። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ በነጠላው መሐል ያለው ጠይም ፊት ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ብርሃን ሲጨመርለት ፊቱ ይወጣል፤ የነጠላው ሽመና ደግሞ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ያለው መላ ለነጠላው ብሎ ብርሃኑን መቀነስ፣ ከዚያ ፊቱን በኮምፒውተር መግለጥ ነው። የካሜራው አቅም የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

በሁለቱም ካሜራ፣ በአንድ ቦታ፣ በሮው (በጥሬ ፋይል) አነሣኋት። ማታ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጥላውን ስገልጠው በ60ዲው ፊቷ ወጣ፤ ከአገጯ ሥር ግን ሻካራ ነጠብጣብ አብሮ ወጣና የአንገቷን ንቅሳት ሸፈነው። በዲ7000 ንቅሳቱ መስመር በመስመር ይቆጠር ነበር፤ የነጠላው ጥለትም አልጠፋም። ዲኤክስኦማርክ የተባለው የካሜራ ፈታሽ፣ ከጥላ እስከ ብርሃን የሚይዙትን ስፋት ለዲ7000 13.9፣ ለ60ዲ 11.5 ስቶፕ ብሎ አስቀምጦታል። እያንዳንዱ ስቶፕ እጥፍ ስለሆነ ልዩነቱ ከአምስት እጥፍ ያልፋል። እኔ ቁጥሩን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለመወሰን የአክስቴ አንገት በቂዬ ነበር።

ኒኮኑን ገዛሁ። ዋጋም አስከፍሎኛል፤ ባትሪና ሌንስ የሚያውሰኝ አልነበረም፣ የቪዲዮ ሥራም ለባልደረባዬ ተውኩለት። ደግነቱ ዲ7000 ትኩረት የሚያስተካክል ሞተር በራሱ ውስጥ ስላለው የፊልም ዘመን የኒኮን ሌንሶች ይሠሩበታል። ፒያሳ ከአንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ የገዛሁት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብዙ ሠርግ አወጣልኝ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የአክስቴም ቤት አብሮ ሄደ። ከመነሣታቸው በፊት ጎረቤቶቿ በየደጃፋቸው ፎቶ መነሣት ፈለጉ፤ እናቶቹ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ፣ እኔም ያንኑ ካሜራ ይዤ ዞርኩ። የሁሉም ፊት ወጥቷል።

ዛሬ ዓለም ወደ ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራ ስለዞረ እነዚህ ካሜራዎች ረክሰዋል፤ ለጀማሪ ግን አሁንም ይበቃሉ። እንጀራችሁ ቪዲዮ ከሆነ 60ዲን ግዙ። የሰው ፊት ከሆነ ግን ዲ7000ን ፈልጉ፤ ብር ከመክፈላችሁ በፊትም ነጠላ የለበሰ ሰው ፀሐይ ላይ አንሥታችሁ ፊቱን በኮምፒውተር ገልጣችሁ እዩ።