ላንድሮቨሯን ለቀይ ባሕር መንገድ ስናሰናዳ

ጊዜው ኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ የሰሊጥ ወቅት ነበር። በዚያ ወር ገዳሪፍ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከመተማ፣ ከቋራና ከጎንደር ዙሪያ ለአጨዳ የወረደው ወጣት ገበያውን ይሞላዋል፤ ጆንያ የጫነ መኪና ሁሉ ወደ ሰብል ገበያው ይጎርፋል። ከሚጎርፉት መሐል እኔ ዓይኔን የማሳርፈው ቤድፎርድ ሎሪዎቹ ላይ ነበር። የእንግሊዙ ድርጅት የጭነት መኪና ሥራውን ከተወ ያኔ ወደ 30 ዓመት ሆኖታል። ገዳሪፍ ያሉት ቤድፎርዶች ግን የእርሻ መንገዱን አልተዉም። እንጨትና ብረት ተገጣጥሞ የተሠራ፣ በቀለም ያጌጠ አካል ተሸክመው፣ ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ በሚተወው ስንጥቅ ላይ እየተንገጫገጩ ማሽላና ሰሊጥ ያወጣሉ።

አሮጌ መኪና ለመግዛት የደፈርነው እነሱን አይተን ነው። አሜሪካ በ1990 ዓ.ም. በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ የባንኩን መንገድ ስለዘጋ ከውጭ ዕቃ ማስመጣት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ በጋራዥ ሰፈሩ የሚበየደው ይበየዳል፣ የሚቀረጸው ይቀረጻል። ባሌስትራ በእሳት አግሎ የሚያቃና ሰው አለ፤ ያረጀ የፍሬን ሸራ ነቅሎ በአዲስ የሚመታ ሌላ አለ። እኔ በእንዲህ ያለ ከተማ ዕድሜ ጠገብ መኪና መያዝ ጅልነት ነው ብዬ አላምንም። ጅልነት የሚሆነው ሙያተኛ በሌለበት አገር ነው።

መኪናዋን የገዛናት እኔና አንድ ሱዳናዊ ወዳጄ በጋራ ነው። እሱ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ባለቤትነቱም በእሱ ስም ተመዘገበ። አጭሯ ላንድሮቨር ነች፤ ሲሪስ ቱ ኤ የሚባለው፣ ከ1961 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. የተሠራው ዓይነት። ዕድሜዋን ከወረቀቱ ይልቅ አካሏ ይናገር ነበር። የፊት መብራቶቿ በፊት ክንፎቿ ላይ ሳይሆኑ መሐል ፍርግርጉ ላይ ተጠጋግተው ተተክለዋል፤ ይህ እስከ ስድሳዎቹ መጨረሻ የነበረው አሠራር ነው። መሪዋ ደግሞ በቀኝ ነው። ሱዳን እስከ 1973 እ.ኤ.አ. የምትነዳው እንደ እንግሊዞቹ በግራ በኩል ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ዞረች። እኛም ብንሆን በግራ ስንነዳ ኖረን የዞርነው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደርም አዲስ አበባም የቆዩ ሰዎች ያስታውሱታል። በቀኝ በሚነዳበት አገር መሪዋ በቀኝ የሆነ መኪና ሲቀድም፣ ከፊት የሚመጣውን የሚያየው ጎን የተቀመጠው ሰው ነው። ከወዳጄ ጋር ቃል ተስማማን፦ እሱ «ሂድ» ካላለ እኔ አልቀድምም።

ያሰብነው መንገድ ከገዳሪፍ በከሰላ አድርጎ ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደውን ነው፤ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያኔ የነጋዴና የሰሊጥ መንገድ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ መንግሥቱ ወደ ፖርት ሱዳን ሸሽቶ ነበር፤ ገዳሪፍም እጅግ ብዙ ተፈናቃይ አስጠግታለች፤ በዚያ አስፋልት ላይ ያለፈው ሰው ሐሳቡ ሌላ ነው። እነዚያን የጋራዥ ሰፈር ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

መካኒካችን የጎንደር ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን ተሰድደው መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን በሎሪ ሥር የጨረሱ ሽማግሌ። ሱዳኖቹ «ያ ኡስታ» ይሏቸዋል፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። መኪናዋን ይዘን ስንሄድ ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም።

«ወዴት ልትሄዱባት ነው?»

«ፖርት ሱዳን፣ ጋሼ።»

«እሱንማ ሰማሁ። በየት በኩል ነው የምትወርዱት?»

«በሲንካት።»

«እንግዲያው ከፍሬኑ እንጀምራለን፤ ሞተሩ ይቆየን» አሉ።

ይህች አነጋገር የቀረውን ሥራ ሁሉ መራችው። እኔ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ዘርዝሬ፣ ያረጀውን በሙሉ እንለውጣለን ብዬ ነበር የመጣሁት። ወዳጄ ደግሞ ቀለሙ አሳስቦታል። እሳቸው የጠየቁት መንገዱን ነው። ገዳሪፍ ያለችው ከባሕር በላይ በ600 ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ ከሰላና ከዚያም አልፎ ያለው ሜዳ ነው። ሃያ የምትባለውን ከተማ ካለፉ በኋላ ግን መንገዱ የቀይ ባሕር ተራሮች ውስጥ ይገባና በሲንካት በኩል ወደ ሱዋኪን ይወርዳል። ያ ቁልቁለት ለእንዲህ ያለች መኪና ከባድ ነው። አራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነው፤ ረዳት ኃይል የለውም፤ የዘይቱ መስመር ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አንዲት ጎማ ዘንድ ያለች ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ይከዳሉ።

የፊት ግራውን የጎማ ቱቦ ፈትተው፣ ድንጋይ ላይ አስተኝተው በቢላ ለሁለት ሰነጠቁልኝ። ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ደህና ቱቦ። ውስጡ ግን አብጦ ተደፍኗል፤ የዘይቱ መተላለፊያ መርፌ እንኳ በግድ የሚያሳልፍ ሆኗል። «አየህ፣ ስትረግጠው ጉልበትህ ዘይቱን ያሳልፈዋል። ስትለቀው ግን የሚመልሰው ጉልበት የለም። ጎማው እንደ ተያዘ ይቀራል፤ ይግላል፤ ዘይቱ ይፈላል፤ ከዚያ እግርህ ባዶ ነው የሚረግጠው» አሉኝ። ከሁሉም በላይ ገንዘባችን የወጣው እዚያ ላይ ነው። ቱቦዎቹ በሙሉ ተለወጡ፣ ሸራው በአዲስ ተመታ፣ ታምቡሮቹ ተርኒ ቤት ገብተው ተላጉ፣ አሮጌው የፍሬን ዘይት እስከ መጨረሻው ጠብታ ወጣ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ነገር ነው፤ ዓመታት በተቀመጠ ቁጥር ውሃ እየገባበት በትንሽ ሙቀት ይፈላል። የቀለሙ ነገር በዚያው ቀረ። ወዳጄ ቅር አለው፤ እኔ ግን ዛሬም ደግ አደረግን እላለሁ። የላንድሮቨር አካል አልሙኒየም ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት ስላጠረ በዚያ ተሠራ፤ አይዝግም። የሚዝገው ሥሩ ያለው ሻንሲ ነው፤ ጋሼም እሱን በመዶሻ እያንኳኩ፣ ድምፁን እያዳመጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

ቀጥሎ ውሃ። ኅዳርም ሆኖ የገዳሪፍ ቀትር ይጠብሳል። ከሞተሩ ብሎክ ጎን አንዲት የውሃ መልቀቂያ አለች፤ ጋሼ ፈቷት። ጠብ ያለ ነገር የለም። ራዲያተሩ ሙሉ ነው፣ መልቀቂያው ክፍት ነው፣ ውሃው ግን አይወጣም። ቀጭን ሽቦ አስገብተው ወዘወዙ፤ አሁንም ዝም። ሲደጋግሙት መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ እንደ ትል ተጎትቶ ወጣ፣ ከዚያ የዛገ ውሃ ፈንጥቆ ክንዳቸውን አለበሰው። ገዳሪፍ የውሃ ችግር ያለባት ከተማ ናት፤ በአህያ ጋሪ የሚዞረው ውሃ የጉድጓድም የኩሬም ይሆናል። መኪናዋ ያንን ውሃ ከነደለሉ ስትጠጣ ኖራለች። ብሎኩን ከታች ወደ ላይ በግፊት ደጋግመን አጠብነው። ራዲያተሩ ወርዶ ተከፍቶ ተጠረገ፣ ማኒኮቶዎቹና ፋሸታዎቹ ተለወጡ። ለመሙያ የገዛነውን ውሃ በነጠላ ጨርቅ አጥልለን ጨመርን።

ባትሪው ላይ ትንሽ ድንጋጤ ነበር። አዲስ ባትሪ የያዘ ወጣት መጥቶ እንደ ለመደው ኔጋቲቩን ሻንሲው ላይ ሊያስር ሲል ጋሼ ክንዱን ያዙት። በዚያ ዘመን የተሠሩት ላንድሮቨሮች ብዙዎቹ ፖዘቲቩ ነው ሻንሲው ላይ የሚታሰረው፤ ይህችም እንደዚያው ናት። ቢገለበጥ ዲናሞውና መቆጣጠሪያው ይቃጠላሉ። ወጣቱ አፍሮ ሳቀ፤ ጋሼ አልተቆጡትም፤ ቀይ ቀለም አስመጥተው ኮፈኑ ሥር በዓረብኛና በአማርኛ አስጻፉበት። ዲናሞው ደካማ ነው፤ ሌሊት መብራት አብርቶ ሲሄዱ ባትሪውን በደንብ አይሞላም። ስለዚህ ሌሊት አንነዳም ተባለ። ባትሪው ቢሞት ከፊት በኩል የሚሰካ የእጅ ማስነሻ ብረት አላት፤ እሱንም ጋሼ በተግባር አሳዩን፤ ሲዞር ቢመልስ አውራ ጣትን እንዳይሰብር ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ጎን ማሳረፍ ነው።

መለዋወጫ ምን እንያዝ በሚለው ላይ ክርክር ነበር። ወዳጄ ሁሉንም፣ እኔ ጥቂቱን። ጋሼ የያዙት መሐሉን ነው፦ መኪናዋ በመስበር የታወቀችበትን ያዙ። አሮጌ ላንድሮቨር የምትታማው በኋላ ሰሚያስ ነው፤ ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ። ገዳሪፍ ስላላገኘን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስፈለግን። ተገኘና በአውቶቡስ ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ ዮሐንስ፣ በትንሿ ድልድይ ተሻግሮ ገላባት፣ በዶካ በኩል ገዳሪፍ ደረሰ፤ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ከበርበሬ ጋር። ባልያዝነውስ ኖሮ? ጋሼ ያንንም ነገሩን። የተሰበረው ተስቦ ይወጣል፤ ቢጫዋ ማርሽ ትጫናለች፤ የፊት ጎማዎች ይጎትቷታል።

ጆንያውን ልቀበል ገላባት ስወርድ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። አጼ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ከማዶ ናት፤ ያንን ልጅም ያውቀዋል። ያነሰ የሚነገረው የ1933 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 27 ቀን እንግሊዞችና ሕንዶች ኢጣሊያን ለማስለቀቅ ገላባት ላይ አጠቁ፤ አዛዡ ኋላ በበርማ ስሙ የገነነው ስሊም ነበር። ምሽጉ ተያዘ። ታንኮቹ ግን አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋዩ ሰንሰለታቸው ተበጥሶ ቆሙ፤ መለዋወጫ የጫነው መኪናም በአየር ድብደባ ወደመ። ወደ መተማ መሻገሩ አልሆነም፤ ገላባትንም ለቀው አፈገፈጉ። መለዋወጫን በአንድ ቦታ አለመጫንን እኔ ከዚያ ተማርኩ፤ ሰሚያሱ ከኋላ፣ ካንዴላና ፑንቲናው ከወንበር ሥር፣ ቺንጊያው ከኮፈን ሥር ታሰረ።

ለሙከራ ወደ ዶካ በቀትር ነዳናት። ስትሄድ ደህና፤ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ አልነሳ አለች። ቤንዚኑ በሞተሩ ግለት ቱቦ ውስጥ ተንኖ ነው። ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገን ጠበቅን፣ ተነሳች። ጋሼ ማታ የቤንዚኑን ቱቦ ከጭስ ማውጫው አራቁት፤ ቁራጭ ቆርቆሮ መሐላቸው አስገቡ። ገንዘብ አልተቀበሉበትም። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ሙከራ ነው፤ መኪና ጋራዥ ቆማ ሕመሟን አትናገርም።

ከዚያ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሸዋክን አልፈን ኻሽም አልጊርባ ላይ አትባራን ተሻገርን፤ የእኛው ጓንግና የእኛው ተከዜ የተገናኙበት ውሃ ነው፤ ወዳጄን አስቁሜ አየሁት። ከሰላን፣ የታካን ራሰ በራ ተራሮችና የጋሽን ደረቅ አሸዋ በፍጥነት ነው ያለፍናቸው፤ ጋሽ ማለት መረብ ነው፤ ክረምት ካልሆነ ውሃ የለውም።

ቁልቁለቱ ከሲንካት በኋላ ሲጀምር ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ሲብስ ሁለተኛ። ሞተሩ እየጮኸ ያዛት፤ ፍሬኑን የምረግጠው አጥብቄ ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እየለቀቅሁ ነው። ከኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና ጡሩንባ ይነፋል፤ ወዳጄ በመስኮት እጁን አውጥቶ «እለፍ» ይለዋል። ሜዳው ላይ ስንወርድ ቆመን አራቱን ጎማዎች በመዳፋችን ዳሰስን። ሦስቱ ለብ ብለዋል፤ የኋላ ግራው ያቃጥላል። በክሪክ አነሳነው፤ በእጅ ሲዞር ይታከካል። ማስተካከያውን ትንሽ አላላሁት፣ ነጻ ሆነ።

ፖርት ሱዳን ሳይመሽ ገባን። ለጋሼ ደወልኩላቸው።

«የኋላ ግራው ሞቆ ነበር።»

«ምን ያህል አላላኸው?»

«ሩብ ዙር።»

«ደህና ነው። ጠዋት ሳትነሱ የፍሬን ዘይቱን ልክ አይታችሁ ደውሉልኝ። የውሃውንም እዩ፤ መልሱ ሽቅብ ነው።»