የዓሦቻችን ጋቢ

የጠዳ ሌሊት ብርዱ አይጣል ነው። እኛስ ጋቢ እንደርባለን፤ ባለ 200 ሊትሩ ገንዳ ውስጥ ያሉት ዓሦቻችን ግን 25 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋሉ። ማሞቂያ ገዛን። አንድ ቀን ሳንነቅል ውኃ ስንቀይር፣ ደርቆ የጋለው ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍበት ጧ! ታናሽ ወንድማችን እጁን ሊከት ሲል እናታችን «እንዳትነካ!» ብላ ጎተተችው። 220 ቮልት እኮ ነው!

ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሊትር 1 ዋት ገደማ እያሰብን፣ በአንድ ባለ 200 ፈንታ ቴርሞስታት ያላቸው ሁለት ባለ 100 ዋት ገዛን። አንዱ ቢሞት ሌላው ይደርሳል፤ አንዱ አልጠፋ ቢል ብቻውን ዓሦቹን ቶሎ አይቀቅላቸውም። ጠብታ እንዳይገባ ገመዱን ከሶኬቱ ዝቅ አድርገን እናንጠለጥላለን፤ ውኃ ከመንካታችን 15 ደቂቃ በፊት እንነቅላለን።

መብራት ሲጠፋስ? የገንዳውን ጎን በጋቢያችን እንጠቀልላለን። እኛማ ተቃቅፈን እናድራለን!