ገመዱን የያዙት

ሰኞ ከቡድናችን ጋር የባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ዝርዝሩን ከፍተን «በጣም አስቸኳይ» የተባሉትን ብቻ ቆጠርን። 63 ሆኑ። ከመካከላቸው ዓመት ያለፋቸው አሉ። እንግዲህ አስቸኳይ የተባለ ነገር ዓመት ከተቀመጠ፣ ወይ መጀመሪያውኑ አስቸኳይ አልነበረም፣ ወይ የሆነ ቦታ ዝም ብሎ የቻለው ሰው አለ።

ዝም ብሎ መቻልን አውቀዋለሁ፤ የሞጣ ልጅ ነኝ። በአካባቢያችን ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተቆረጠና ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ሰው የተሻገረው በገመድ ነው። ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፣ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ጎበዞች ይስቡታል። አያቴም እንደዚያ ተሻግሯል። ሲያወራልን ስለ ድልድዩ አንድም ቀን አላማረረም። የሚያደንቀው ገመድ የያዙትን ሰዎች ነበር።

በእኛ ሙያ ይህን ገመድ «ዎርክአራውንድ» እንለዋለን።

የእኔ ኃጢአት ብቸና ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. እኛ የሠራነውን የልደት መመዝገቢያ የምትጠቀም አንዲት ሴት ከዚያ ደወለችልኝ። ቀኑ ጳጉሜን 6 ነበር። «የኔ ወንድም፣ ይኼ ነገር የዛሬን ቀን አልቀበል አለኝ» አለችኝ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። ፕሮግራሙን የጻፍነው ሰዎች ሁልጊዜ አምስት አድርገናት ኖሯል። «እስኪስተካከል ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። «ደብተር ላይ እይዘዋለሁ፤ ነገ መስከረም 1 ብዬ አስገባዋለሁ። አታስብ።»

እኔም አላሰብኩም። ለስህተቱ ቲኬት ከፈትኩ፣ «አስቸኳይ» አልኩት። በየስብሰባው ሲነሳ ግን «ገና ሦስት ዓመት አለው»፣ ቀጥሎም «ገና ሁለት ዓመት አለው» እየተባለ ወደ ታች ወረደ። በዚያች ቀን የተወለደ ልጅ መስከረም 1 ቀን 2012 ተብሎ ሲመዘገብ የትውልድ ዓመቱ ጭምር እንደሚሳሳት ያነሳ ሰው አልነበረም። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መጣች። ስህተቱ እዚያው ነበር። ሴትየዋ ግን አልደወለችም። ደብተሯን አውጥታ እንደጻፈች የሰማሁት በኋላ ነው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላል ያገሬ ሰው። በእኛ ሥራ ግን ጥገናም አይገባበትም።

የሚጮኸውማ ያገኛል። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ሲሳሳትና ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ሲሰለፉ አገር ሁሉ ሰማ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ በሰዓታት ውስጥም አገልግሎቱን ዘግቶ ችግሩን ያዘ። እንደዚያ ያለውን ስህተት ቅደም ተከተል ማስያዝ አይከብድም፤ ራሱ ጮኾ ይቀድማል። የሚከብደው ሰው የለመደው ስህተት ነው።

ስለዚህ ሰኞ ለት ሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ «በጣም አስቸኳይ» ከአምስት አይበልጥም፤ ስድስተኛው ሲገባ አንዱ ስሙን ቀይሮ ይውረድ፣ ያወረደው ሰውም ምክንያቱን ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ቀን የሚጠብቅ ባግ ከዝርዝሩ ወጥቶ ካሌንደር ላይ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ቲኬት ላይ «እስከዚያው ማን፣ በምን ይሻገራል?» የሚል ጥያቄ ይኑር። ይህን ለመመለስ ስልክ ማንሳት ግድ ነው። ሦስት ቀን ስንደውል ዋልን። 63ቱ ወደ 41 ወረዱ፤ አምስት ለመድረስ ገና ነን። ከታች ተረስተው ከነበሩት ደግሞ ሁለቱ ወደ ላይ ወጡ።

አንዱ የጳጉሜን ነው። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ነው። ትናንት አስተካክዬ የኮምፒውተሩን ቀን ወደዚያ አዞርኩትና ሞከርኩት፤ መዘገበ።

ነገ ብቸና እደውላለሁ። ደብተሩን ግን ጣይው አልላትም። ሰባራ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2002 በብረት ተጠግኖ ሕዝቡ እፎይ ባለ በሦስት ዓመቱ ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ ተንጠልጣዩ ድልድይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የእኔም ጥገና አንድ ክረምት ይለፈው።