በጋይንት ቤተ ልሔም ስላሉ ዝንብ አዳኝ ወፎች

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚወስደውን መንገድ ይዘን፥ የጉናን ተራራ በስተቀኝ ትተን ጋይንት በገባን ጊዜ ያየነው አገር ሁሉ የታረሰ ነው። በየጓሮው ከተተከለው ባሕር ዛፍ በቀር ዛፍ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ነው።

ስለ ቤተ ልሔም ክብር ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም። የድጓ ተማሪ ተፈትኖ ምስክርነቱን የሚቀበለው ከዚህ ደብር ነው። ጥንታዊው ባለ አራት ማዕዘን ቤተ መቅደስም በኋላ ዘመን በተሠራ ክብ ቤት ውስጥ ተከብቦ ይኖራል። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው በዛፉ ጥላ ስላሉት ጥቃቅን ወፎች ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ያሬድ ከኤደን ከመጡ ሦስት አዕዋፍ ዜማን ሰማ ተብሎ የሚተረከውን የሚያስታውስ ሰው፥ በድጓ አገር ወፍ መመልከታችንን ሥራ ፈትነት አይለውም። ያሬድን ትዕግሥት ያስተማረውን፥ ዛፍ ላይ እየወጣ የሚወድቀውን ትል ግን ከነዚህ ወፎች አንዱ ያላየው መልካም ሆነ።

ዋነኛው ራሱ ጥቁር ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያበራ፥ ጀርባው እንደ ሸክላ የቀላ ነው። ወንዱ ከጅራቱ መካከል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይጎትታል፤ አንዳንዱም ወንድ ጀርባውና ጅራቱ ነጭ ይሆናል። ከቅርንጫፍ ተወርውሮ ዝንቡን በአየር ላይ ይቀልባል። ጎጆው ከስኒ ብዙም አይበልጥም፤ በሸረሪት ድር አስሮ በቅርንጫፍ መንታ ላይ ይሠራዋል። ዕንቁላሉን ወንዱና ሴቷ በየተራ ይታቀፋሉ፥ ጫጩቶቹንም አብረው ይመግባሉ። ያን ረጅም ጅራት ከጎጆው ውጭ አንጠልጥሎ እንደ ሹም የተቀመጠውን ወንድ ያየ አባት፥ ሕፃን ማቀፍ ክብሬን ይነካል ለማለት የሚደፍር አይመስለንም።

ሌላው ዐመድማ፥ ዓይነ ቢጫ ነው፤ መኖሪያውም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። ከአትላንቲክ ባሕር ማዶ፥ በኩባና በጃማይካ ደሴቶች፥ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ትናንሽ ወፎች አሉ፤ ሊቃውንት ግን ወገናቸው ሌላ ነው ይላሉ። ሙያ አንድ ሲሆን ዘር አንድ ይሆናል ማለት አይደለምና።

እነዚህ ወፎች የገበሬውን እህል አይነኩም። የሚፈልጉት ጥላና ተባይ የሞላበት ቁጥቋጦ ነው፤ እርሱም ከብት በገባበት ደን ቶሎ ይጠፋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው ነበር፤ ከብት በሚሰማራበት ደን ችግኝ እንደማይተርፍም አሳይተዋል። ሽማግሌው ዛፍ ቆሞ ሳለ ተተኪ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ በአውራጃው አንዳንድ አድባራት ካህናቱና ሕዝቡ ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጠሩ። ድንጋዩ ከማሳ የተለቀመ ስለሆነ እርሻውም ጠራ። የወረዳ ሹማምንት ለዚህ ሥራ የሚያወጡት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ጉልበቱ ነው፥ እርሱንም ሕዝቡ በበጋ፥ ከመኸር በኋላ፥ ይሰጣል።