ለየትኛው ኪታብ ገጽ ይከፈት?



እዚህ መካነ ሰላም ያቀሩን ሸይኽ፣ ረሒመሁላህ፣ በዐጀም የጻፉት የመንዙማ ኪታብ አላቸው። ባለፈው ረመዳን ከወጣቶቹ ጋር ሆነን ዊኪፔዲያ ላይ ገጽ ከፈትንለት። ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ። እውነት ለመናገር ተናደድን፤ «የወሎን ዑለማ ንቀው ነው» አልን።

ደንቡን ስናነበው ግን ያጠፋነው እኛው ነን። ዋናው መለኪያ የመጽሐፉ ትልቅነት አይደለም። ከደራሲውና ከወገኖቹ ውጪ ያሉ ሰዎች በሰፊው ጽፈውበታል ወይ? ቢያንስ በሁለት ቦታ? ይህ ለደረሳ እንግዳ አይደለም፤ ባለጉዳይ ለራሱ አይመሰክርም። እኛ የጻፍነው ደግሞ ውዳሴ ብቻ ነበር።

የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድን መጽሐፍ እንይ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና በእንግሊዝኛ የጻፉት ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የሆላንዱ ብሪል አሳተመው። ሌሎች ምሁራን በጥናት መጽሔቶች ገምግመውታል። ገጽ ይገባዋል፣ ክርክር የለውም። የሚገርመው፣ መጽሐፉ የቆመው እንደኛ ሸይኽ ባሉ ዑለማ ታሪክ ላይ መሆኑ ነው፤ የጀማ ንጉሡ ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊዕ ከነሱ አንዱ ናቸው።

የሸይኻችን ኪታብ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነው፣ እሱም ሳጥን ውስጥ። ማን አይቶት ይገምግመው? ስለዚህ የገጹን ነገር ትተን በስልክ ፎቶ ማንሳት ጀምረናል። 40 ቅጠል ደርሰናል፤ ዳር ዳሩን ምስጥ በልቶታል። ዐጀም አጥርቶ የሚያነብ ካላችሁ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ መስጂድ ጎራ በሉ።