የደጋፊ ተስፋ በሞያሌ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሰሜናዊው ወገን የኢትዮጵያ፥ ደቡባዊው ወገን የኬንያ ነው። ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በገበያዋ ኦሮምኛው፥ ሶማልኛው፥ ስዋሂሊውና አማርኛው ተደባልቆ ይሰማል። ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደ አማርኛ ተናጋሪ ሰዓትን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ፥ በዚህች ከተማ «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ቢባል በሁለቱም ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው። የዘመን አቆጣጠሩ ግን ይለያያል። ኬንያ አዲሱን ዓመት የምትቀበለው በታኅሣሥ ወር መገባደጃ ሲሆን፥ ኢትዮጵያ የምትቀበለው በመስከረም መባቻ ነው።

በኬንያው ወገን በምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ ግን ከሁለቱም የተለየ የራሱ አቆጣጠር አለው። ለእርሱ ዓመቱ የሚለወጠው የኢትዮጵያ ቡና እግር ኳስ ቡድን ከክረምቱ ዕረፍት ተመልሶ ልምምድ የጀመረ ዕለት ነው። ልብስ ሰፊው ተወልዶ ያደገው በአዲስ አበባ ነው፤ ቡድኑን የወደደውም ገና በልጅነቱ፥ ስሙ «ቡና ገበያ» በነበረበት ጊዜ ነው። እንጀራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ሲወርድ ብዙ ነገር ትቶ መጥቷል፤ ይህን ፍቅር ግን አልተወም። ጎረቤቶቹ በስዋሂሊ «ፉንዲ» እያሉ ይጠሩታል፤ ባለሙያ ማለት ነው።

ነሐሴ ሲጋመስ ፉንዲ የደንበኞቹን ልክ ከሚመዘግብበት ደብተር ሌላ አንድ አዲስ ደብተር ያወጣል። በእርሱም ውስጥ የቡድኑን ነገር ያሰፍራል። ማን ለቀቀ? ማን መጣ? አሰልጣኙ ምን ዓይነት አጨዋወት ይወዳል? ከወጣቶች ቡድን ያደገ ልጅ አለን? ዜናውን ቀድሞ ከራዲዮ ይለቅም ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በሱፐርስፖርት ቴሌቪዥን መታየት ሲጀምሩ ደግሞ በጆሮው ብቻ ያውቃቸው የነበሩትን ተጫዋቾች በዓይኑ ለማየት በቃ። ገጹን ሞልቶ ሲጨርስ ቀና ይልና «ዘንድሮ የእኛ ነው» ይላል። ይህንንም በየዓመቱ ይላል።

ፌዘኛ አይጠፋምና ጎረቤቱ፥ የእጅ ስልክ የሚጠግነው ወጣት፥ «ፉንዲ፥ አምናም እንዲሁ ብለውኝ ነበር» ይለዋል። ወጣቱ ራሱ የናይሮቢው የጎር ማሂያ ደጋፊ ነው። ጎር ማሂያ በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወስዷል። ወጣቱ ያኔ አልተወለደም፤ ነገር ግን ያንን ድል በዓይኑ እንዳየው ሰው ይተርከዋል። ስለዚህ ፉንዲ ይስቅና «አንተስ ያላየኸውን እየተረክህ አይደለምን? እኔ ገና የምናየውን ብናገር ምን ይገርምሃል?» ብሎ ይመልስለታል።

እውነቱን ለመናገር የፉንዲ ደብተር ብዙ ድል የለበትም። የኢትዮጵያ ቡና የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው በ2003 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ መሪነት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ መስከረሞች ጠብተዋል፤ ብዙ ሰኔዎችም አንገት አስደፍተው አልፈዋል። ከሁሉ ይልቅ ልቡን የሰቀለው የ2013ቱ ውድድር ነበር። በዚያ ዓመት የቡድኑ አጥቂ አቡበከር ናስር ብቻውን 29 ግቦችን አስቆጠረ። እንዲህ ያለ አጥቂ ያለው ቡድን እንዴት ዋንጫ ያጣል? ዋንጫው ግን ወደ ጎንደር፥ ወደ ፋሲል ከነማ ሄደ። አንድ ሰው ምንም ያህል ቢበረታ አሥራ አንድ ሰው እንደማይሆን ፉንዲ ያን ጊዜ ተረዳ፤ ይህንንም በደብተሩ ላይ ጻፈው።

ታዲያ የዘንድሮ ተስፋው በምን ላይ ቆሟል? ፉንዲ ለዚህ መልስ አለው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደው ወደ ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ወደ ሊጉ በተመለሰበት ዓመት፥ በ2016፥ አሸናፊ ሆነ። በ2017 ደግሞ ተራው የኢትዮጵያ መድን ሆነ። ብዙ ዋንጫ በመሰብሰብ ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚስተካከል የለም፤ ሆኖም እነዚህ ዓመታት የዋንጫው መንገድ ለሌሎችም ክፍት መሆኑን አሳይተዋል። «በመጀመሪያው ጨዋታ ዋዜማ የሁሉም ነጥብ ዜሮ ነው» ይላል ፉንዲ፤ «ትናንት ያሸነፈ ዛሬ ከእኛ ጋር እኩል ይጀምራል።»

በዚህ ወራት የሞያሌ ምድር ደረቅ ነው። በአዲስ አበባ ዝናቡ አባርቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፥ በቦረና ግን አርብቶ አደሩ ቦረናዎች ሐጋያ የሚሉትን የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ እየጠበቀ ሰማይ ሰማይ ያያል። ይህ መጠባበቅ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሰምሩ በማለፋቸው፥ በቦረናና በሰሜን ኬንያ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል።

አንድ ቀን ካፖርት ሊያስጠግኑ ከወሰኑ ማዶ የመጡ የቦረና ሽማግሌ በፉንዲ ሱቅ በር ተቀምጠው ሳለ፥ የእርሱንና የወጣቱን ክርክር ሰሙ። ፉንዲም ወደ እርሳቸው ዞሮ በኦሮምኛ «አባባ፥ ዘንድሮ ዝናቡ ይመጣ ይሆን?» ሲል ጠየቃቸው።

«ይመጣል» አሉ ሽማግሌው።

«በምን ዐወቁ?»

«አላወቅሁም፥ ልጄ። እኛ ጉድጓዱን ጠርገናል።»

ፉንዲ መርፌውን ይዞ ዝም አለ። የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች «ቱላ» ይባላሉ። ሰዎች ከሥር እስከ ላይ ተሰልፈው፥ እየዘፈኑ፥ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ በመቀባበል ለከብቱ ያወጣሉ። ጉድጓዱ ካልተጠረገ፥ መንገዱ ካልተደለደለ፥ ገንዳው ካልተበጀ፥ ዝናብ ቢመጣም ሰው የሚገባውን ያህል አይጠቀምበትም። ሽማግሌው ስለ ሰማዩ የሚያውቁት እንደ ማንኛውም ሰው ነበር፤ የተለዩት በተግባራቸው ነው።

ምኞትና ተስፋ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ምኞት ተቀምጦ ይጠብቃል። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ተስፋ ግን ምክንያቱን ይቆጥራል፤ የጎደለውንም ያያል፤ ከዚያም እጁን ወደ ሥራ ይዘረጋል። ደጋፊ ኳስ አይመታም፤ ግብም አይጠብቅም። ቢሆንም የእርሱ ድርሻ የሆነ ሥራ አለ። ቡድኑ ሲሸነፍ አለመክዳት፥ ዳኛን አለመስደብ፥ የተጋጣሚን ደጋፊ እንደ ጠላት አለማየት፥ በሠፈሩ ያሉትን ልጆች ማበረታታት የእርሱ ፈንታ ነው።

ፉንዲ በዚያው ሰሞን የጨርቅ ቁርጥራጭ ሰብስቦ ለሠፈሩ ልጆች አሥራ አንድ ማልያ ሰፋ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ የሚመጡት ከኢትዮጵያው ወገን፥ ሌሎቹም ከኬንያው ነው፤ ቤታቸው የሚነገረውም ቋንቋ ልዩ ልዩ ነው። ጨርቁ ባለመመጣጠኑ የማልያዎቹ ቀለም አንድ ዓይነት ሊሆን አልቻለም፤ ቁጥራቸው ግን ከ1 እስከ 11 ሙሉ ነበር። ስልክ ጠጋኙ ወጣትም ኳሱን እገዛለሁ አለ።

የኢትዮጵያ ቡና ዘንድሮ ዋንጫውን ያነሣ ይሆን? ይህን ሰኔ ይመልሰዋል። ቢያሸንፍ ፉንዲ በደስታ ይዘላል፤ ባያሸንፍ ጥቂት ቀን አዝኖ፥ የሽንፈቱን ምክንያት መርምሮ ይጽፋል። በሚቀጥለውም ነሐሴ ሌላ ደብተር ይገዛል። እርሱ የሰፋቸውን ማልያዎች የለበሱት ልጆች ግን እስከዚያ ድረስ በየቅዳሜው ሲጫወቱ ይከርማሉ።