ሳይቃጠል በቅጠል ቢባል ኖሮ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ድርጅት ላይ የደረሰውን የዳታ ጥፋት ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ያ ሁሉ ዳታ መትረፍ ይችል ነበር። ማዳኛው በእጃቸው ነበር፤ የሚገዛ ነገር አልነበረውም።

የጊትላብ ዳታቤዝ የሚሠራበት ፖስትግሬስኪውኤል ማንኛውንም ለውጥ መጀመሪያ ዋል በሚባለው መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ተጠባባቂው ሰርቨር ይህንኑ መዝገብ ከዋናው እየተቀበለ ይከተላል፤ ይህም ሪፕሊኬሽን ይባላል። በዚያ ምሽት ጫና በዛና ተጠባባቂው ወደ ኋላ ቀረ። ገና ያልወሰደውን የመዝገብ ክፍል ዋናው ሰርቨር ቀድሞ አጠፋው፤ ሪፕሊኬሽኑም እዚያው ላይ ተቋረጠ።

የሚያንገበግበው ይህ ነው። አርካይቭ ሞድን ከፍቶ የመዝገቡን ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ምን ያስቸግር ነበር? ተጠባባቂው የጎደለውን ከዚያ አንሥቶ ይደርስ ነበር። ሪፕሊኬሽን ስሎትም ቢሆን ተጠባባቂው ያልወሰደውን መዝገብ ዋናው እንዳይሰርዝ ያደርጋል፤ ዲስኩ እንዳይሞላ መከታተል ብቻ ይጠይቃል። ከ2014 ጀምሮ፣ ከ9.4 ዕትም አንሥቶ ያለ ነገር ነው። ጥቂት የቅንብር መስመሮች!

መዝገቡ አርካይቭ ስለማይደረግ ተጠባባቂውን እንደ አዲስ መሙላት ግድ ሆነ። ለዚህም ፒጂ ቤዝባክአፕ የተባለው የቅጂ መሣሪያ ታዘዘ፤ ትእዛዙ ግን ምንም ሳይናገር ተገትሮ ቀረ። አንድ መሐንዲስ የተጠባባቂውን የዳታ ማውጫ ባዶ ላድርግ ብሎ የዋናውን ሰረዘ። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ባንኖ ቢያቆመውም፣ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር።

ባክአፑስ? እሱማ ይብሳል። ዳታቤዙ 9.6 ሆኖ ሳለ ባክአፕ የሚያነሣው ፒጂ ደምፕ በ9.2 ዕትም ይሠራ ስለነበር በየዕለቱ ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ተቀባዩ ዘንድ አይደርስም ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ የባክአፑን ማከማቻ ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ባዶ መሆኑን በዓይኑ ባየ ነበር።

ያተረፋቸው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ የተነሣ የዳታቤዙ ስናፕሾት ነው። የዚያ ስድስት ሰዓት ሥራ ግን ላይመለስ ሄደ፤ ጥፋቱ ወደ 5,000 ፕሮጀክቶችን፣ ወደ 5,000 አስተያየቶችንና ወደ 700 አዲስ አካውንቶችን ነካ። ይህ ሁሉ የጠፋው በቸልታ ነው፤ እውቀት ጠፍቶ አይደለም።

ዳታቤዝ በአደራ የያዛችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ከዚህ ተማሩ። ሪፕሊካ፣ ማለትም ተጠባባቂ ሰርቨር፣ አለን ብላችሁ አትዘናጉ፤ ዋናው ላይ በስህተት የተሰረዘ ረድፍ ወዲያው ተጠባባቂውም ላይ ይሰረዛል። ዛሬውኑ ፒጂ ስታት ሪፕሊኬሽንን ከፍታችሁ ተጠባባቂው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ እዩ። ባክአፓችሁን ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ አስነሡት። ካልተነሣ ባክአፕ የላችሁም።